የባሕር ውሃ ፓምፖቹ ቀን ከሌት በሙሉ አቅም፣ ኤልቲ ቫልቩ ደግሞ ከግማሽ በላይ ባይፓስ፤ ቪኤፍዲ ይገባል ወይስ ሌላ መላ አለ?

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ደረቅ ጭነት መርከብ የማቀዝቀዣ ሲስተም ላይ ምክር ፈልጌ ነው። እንዳልንዛዛ ቁጥሮቹን ልስጣችሁ።

ዋናው ሞተር ባለ ሁለት ስትሮክ ነው፣ ሙሉ አቅሙ 10,000 ኪሎዋት። አሁን በዝግታ ስለሚጓዝ ጭነቱ 50 በመቶ አካባቢ ነው። ሲስተሙ ሴንትራል ኩሊንግ ነው፤ የባሕር ውሃው የሚነካው ሴንትራል ኩለሩን ብቻ ሲሆን ሌላውን ሁሉ የሚያቀዘቅዘው የኤልቲ (ዝቅተኛ ሙቀት) ንጹህ ውሃ ነው። የባሕር ውሃ ፓምፖቹ ሦስት ናቸው፦ እያንዳንዳቸው 250 ሜትር ኩብ በሰዓት በ2.5 ባር፣ ሞተራቸው 30 ኪሎዋት፣ 440 ቮልት፣ 60 ሄርዝ፣ ሙሉ ጭነታቸው 50 አምፔር። ሁለቱ ሁልጊዜ ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ስታንድባይ (ተጠባባቂ) ነው። የሚሠሩት እያንዳንዳቸው 38 እስከ 39 አምፔር ይስባሉ። ኩለሩ ባለ ፕሌት፣ ፕሌቱ ቲታኒየም። የኤልቲ ሴትፖይንት (እንዲጠበቅ የተሞላው ሙቀት) 36 ዲግሪ።

የዛሬው ንባብ፦ ባሕሩ 24 ዲግሪ፣ ኦቨርቦርድ (ወደ ባሕር ተመልሶ) የሚወጣው 29.5፣ ከኩለሩ ሲስተም የሚወጣው ኤልቲ 36፣ የሚመለሰው 42። ባለ ሦስት መንገዱ ቫልቭ 60 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ኩለሩን ሳይነካ በባይፓስ ያሳልፋል።

አንድ ኩባንያ ፓምፖቹ ላይ ቪኤፍዲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀያይር ድራይቭ) ገጥሞ 36 ዲግሪን በፓምፕ ፍጥነት እንዲጠብቅ የሚያደርግ ሲስተም አቅርቧል። ያዋጣል? ምንስ ሊበላሽ ይችላል? ምንም ሳይገዛ የሚደረግ ነገር ካለም ንገሩኝ።

ሙቀት በቁጥር፦

ንባቡን አሟልተህ ስለጻፍከው ሒሳቡ አይቸግርም። ቪኤፍዲውን ለጊዜው እንተወውና መጀመሪያ ሙቀቱን እንቁጠር።

አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ወደ 4,090 ኪሎጁል ይወስዳል። 500 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት በሰከንድ 139 ሊትር ነው። ከ24 ወደ 29.5 ስለሞቀ 0.139 × 4,090 × 5.5፣ ማለትም 3,100 ኪሎዋት ገደማ ወደ ባሕር እየጣላችሁ ነው። ሲስተሙ ግን የተነደፈው ለሌላ ቀን ነው፦ ባሕሩ 32 ዲግሪ፣ ሞተሩ 100 በመቶ። ለዚህ መጠን ሞተር በዚያ ቀን ኩለሩ የሚጥለው 6,500 ኪሎዋት አካባቢ ይሆናል። ዛሬ ሙቀቱ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ በባሕሩና በ36 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 4 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ 12 ሆኗል። ስለዚህ ቫልቩ 60 በመቶ ባይፓስ ማድረጉ ብልሽት አይደለም። ፓምፑ ከልክ በላይ ያመጣውን ቅዝቃዜ መልሶ እየጣለው ነው። ለፓምፑ የተቃጠለው ነዳጅ ግን አይመለስም።

ዛሬውኑ ያለ ወጪ የሚደረገው ከሁለቱ አንዱን ማቆም ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከመስመሩ 50 ኪሎዋት ይስባሉ። አንዱ ብቻውን ሲቀር ፍሰቱ በግማሽ አይወርድም፤ የቧንቧው ተቃውሞ ስለሚቀንስ ፓምፑ በኩርባው ላይ ወደ ቀኝ ይሄድና 350 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሰጣል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። 250 እንዲሰጥ የተሠራ ፓምፕ 350 ሲሰጥ የመምጠጫ ግፊት ያንሰውና ካቪቴሽን (በውሃው ውስጥ አረፋ እየተፈጠረ መፈንዳት) ሊጀምር ይችላል፤ በውስጡ ጠጠር የሚንከባለል የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። መፍትሔው የራሱን የማስወጫ ቫልቭ ትንሽ ጠበብ ማድረግ ነው። ከቫልቩ በፊት ባለው ጌጅ 1.8 እስከ 1.9 ባር እስኪያሳይ ከዘጋችሁት ፍሰቱ 320 ገደማ ላይ ይረጋጋል። የሚስበው ኃይል ወደ 27 ኪሎዋት፣ 42 አምፔር ቢሆን ነው፤ ከ50 በታች ስለሆነ ሞተሩን አያሰጋውም። ትክክለኛውን ነጥብ ከፓምፑ የፋብሪካ ኩርባ ላይ አረጋግጡ።

ትርፉ 23 ኪሎዋት። በዓመት 6,000 ሰዓት ብትጓዙና ጄነሬተሩ በኪሎዋት ሰዓት 215 ግራም ቢበላ ወደ 30 ቶን ነዳጅ ነው።

ሁለተኛውን መቼ እንደምታስነሱ ከወዲሁ ጻፉት፦ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ወደ ኩለር ከፍቶም ኤልቲ ከ36 ካለፈ። ንጹህ ኩለር ይዞ፣ ባሕሩ 30 ዲግሪ፣ ጭነቱ 75 በመቶ ሲሆን አንዱ ፓምፕ ድንበሩ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በታች ይበቃል።

የሌሊት ፈረቃ፦

አመሰግናለሁ። በቺፉ (በዋናው መሐንዲስ) ፈቃድ ሞከርነው። ሁለተኛውን ፓምፕ ባቆምን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስታንድባዩ ራሱ ተነሳ! ማስወጫው መስመር ላይ ያለው ፕሬዠር ስዊች (ግፊት ሲወርድ ስታንድባዩን የሚያስነሳው) 1.4 ባር ላይ ተስተካክሏል። ስታንድባዩን ማንዋል አድርገን ስንደግመው የመስመሩ ግፊት 1.2 ባር ላይ ቆመ፣ አምፔሩ 42፣ ድምፁም ደህና ነው፣ ኤልቲው ከ36 ንቅንቅ አላለም። ስዊቹን ዝቅ ባደርገው ችግር አለው?

ኮንታክተር፦

ዝቅ ይደረጋል፤ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ስዊቹ እዚያ የተቀመጠው ፓምፕ ሲሞት እንዲያውቅ ነው። አንድ ፓምፕ ሲሠራ መስመሩ 1.2 ባር ነው፤ ፓምፑ ሲሞት የሚቀረው የኦቨርቦርዱ ከፍታ ብቻ ስለሆነ 0.3 ባር አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ 0.8 ባር፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መዘግየት ጋር፣ ጥሩ ቦታ ነው።

ወጥመዱ ሌላ ጋ ነው። ስዊቹን በ0.8 ትታችሁ ነገ ባሕሩ ሲሞቅ ሁለት ፓምፕ ብታስነሱ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት መስመሩ የሚወርደው ወደ 1.2 ነው። 0.8 አልነካም፤ ስታንድባዩ አይነሳም! የሞተሩ ኦቨርሎድ ከጣለው ኮንታክተሩ (የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ) ያሳውቅ ይሆናል፤ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘው ካፕሊንግ ቢሰበር ግን ሞተሩ ባዶውን እየዞረ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት ስዊች ያስፈልጋል፣ አንዱ በ0.8 ሌላው በ1.4፣ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስን መምረጫ ያለው። መምረጫው ከፓምፖቹ ቁጥር ጋር በሪሌይ ራሱ ቢቀያየር ይሻላል። በሰው ትዝታ ላይ የተመሠረተ ነገር በሌሊት ፈረቃ አያስተማምንም (ስምህን አይቼ አይደለም)። ዋናው ሞተር ፍጥነት እንዲቀንስ የሚያደርግ የዝቅተኛ ግፊት ምልክት ከዚያው መስመር የሚነሳ ከሆነም አብሮ ይታይ። አስፈላጊ ፓምፕ ስለሆነ ለውጡን ክላሱ (የመርከቡን ደረጃ የሚያረጋግጠው ድርጅት) እንዲያውቀው መደረግ አለበት።

ቪኤፍዲም ስትገጥሙ ይኸው ችግር ይጠብቃችኋል፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር ሁልጊዜ ይለዋወጣል። በ60 በመቶ ፍጥነት መስመሩ 1 ባር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ስታንድባዩን የሚያስነሳው ቋሚ ስዊች ሳይሆን ከፍጥነቱ ጋር የሚወርድ ገደብ፣ ወይም የድራይቩ ፎልት እና የኤልቲ ሙቀት አንድ ላይ መሆን አለባቸው።

ስለ ቪኤፍዲው ራሱ፣ የኤሌክትሪኩን ነገር ሻጭ ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። የመርከብ 440 ቮልት ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ኒውትራሉ ከመርከቡ አካል (ከኧርዝ) ጋር ያልተገናኘ ነው። አብዛኛው ድራይቭ ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ ያለው የኢኤምሲ ፊልተር (የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣሪያ) በካፓሲተር ከኧርዝ ጋር ተያይዞ ነው። እንደዚያው ከገጠማችሁት የኢንሱሌሽን ሞኒተሩ ይጮኻል፤ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ፌዝ ኧርዝ ሲያደርግ ደግሞ ፊልተሩ ይቃጠላል። ፊልተሩን ከኧርዝ የሚያላቅቅ ብሎን ወይም ጃምፐር አለ፣ ከመክፈታችሁ በፊት መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ። የሞተሩ ኬብል ሺልድ ያለው፣ ሺልዱ በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን የታሰረ ይሁን፤ እንደ ገመድ ጠምዝዞ በአንድ ብሎን ማሰር ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ምንም አይጠቅምም። ሞተሩ አሮጌ ከሆነ ኢንሱሌሽኑን ለኩ፣ በማይነዳው ጫፍ ላይም ኢንሱሌትድ ቤሪንግ ቢገባ ጥሩ ነው። ድራይቩ ሲሞት ፓምፑን በቀጥታ መስመር ላይ የሚያስነሳ ባይፓስ ኮንታክተርም ይኑር።

አንድ ስህተት ደግሞ አለ፣ ደጋግሞ የሚታይ፦ በጀት ለመቆጠብ ለአንድ ፓምፕ ብቻ ቪኤፍዲ ገጥሞ ሌላውን በሙሉ ፍጥነት ማስኬድ። ሙሉ ፍጥነት ያለው በመስመሩ ላይ የሚፈጥረውን ግፊት ዝግተኛው ማለፍ ስለማይችል የማይመለስ ቫልቩ ይዘጋበታል፤ ያንኑ ውሃ እያማሰለ ይሞቃል፣ ሜካኒካል ሲሉም (ዘንጉ ላይ ውሃ የሚያግደው) ያልቃል። አብረው የሚሠሩ ፓምፖች እኩል ፍጥነት ይኑራቸው።

ሙቀት በቁጥር፦

ኮንታክተር ያለውን ልሙላ። የፍጥነት ሕጉ ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ይወርዳል ይላል፤ በ60 በመቶ ፍጥነት 0.6 × 0.6 × 0.6፣ 21.6 በመቶ ይቀራል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ይህንን ነው። በእውነቱ የኦቨርቦርዱ ከፍታ ስለማይቀንስና ድራይቩም የራሱን ስለሚበላ ሁለቱ ፓምፖች በ60 በመቶ 290 ሜትር ኩብ ገደማ ሰጥተው 13 ኪሎዋት ይስባሉ። ከ50 ወደ 13፣ 37 ኪሎዋት ትርፍ። ከዚህ ውስጥ ግን 23ቱን አንዱን ፓምፕ በማቆም ብቻ አግኝታችሁታል። ለቪኤፍዲው ገንዘብ ሲወጣ የሚነጻጸረው ከ37ቱ ጋር ሳይሆን ከቀሪው 14 ጋር ነው።

ስካቬንጅ፦

ሁላችሁም ፓምፑን ታያላችሁ፤ 36ን ግን ማንም አልጠየቀውም። ለምን 36?

36 የመጣው ባሕሩ 32 ከሚሆንበት የንድፍ ቀን ነው፤ 32 ሲደመር 4። ባሕሩ 24 ሲሆን ያንን ቁጥር የሚያስገድድ ነገር የለም። በባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር የስካቬንጅ አየር (ተጨምቆ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር) ማቀዝቀዣ ውሃ፣ ማለትም ኤልቲው፣ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የሞተሩ ፍጆታ 0.6 በመቶ ይጨምራል፤ በማን ቢ ኤንድ ደብሊው ሞተሮች ማስተካከያ ሰንጠረዥ ላይ የሚሰጥ ቁጥር ነው። በ5,000 ኪሎዋት፣ በኪሎዋት ሰዓት 170 ግራም፣ ሞተራችሁ በሰዓት 850 ኪሎ ይበላል። እያንዳንዱ የኤልቲ ዲግሪ ግማሽ ኪሎ በሰዓት ነው ማለት ነው።

አሁን አነጻጽሩ። ከዛሬው ሁኔታ ተነስተን፦ ሁለት ፓምፕ በቪኤፍዲ በ60 በመቶ፣ ኤልቲ 36 ላይ፣ 37 ኪሎዋት ስለሚያተርፍ በሰዓት 8 ኪሎ ነዳጅ ይቀንሳል። አንድ ፓምፕ ያለ ቪኤፍዲ፣ ኤልቲ 30 ላይ፦ ከፓምፑ 4.9 ኪሎ፣ ከዋናው ሞተር ደግሞ 3.1 ኪሎ፣ አሁንም 8 ኪሎ። እኩል ናቸው! አንደኛው በገንዘብ የሚገዛ፣ ሌላኛው በሁለት ማስተካከያ የሚገኝ። አንድ ፓምፕ 320 ሜትር ኩብ እየሰጠ፣ ኩለሩ ንጹህ ከሆነ፣ ከ28 እስከ 29 ድረስ ስለሚያወርድ 30 ምቹ ነው።

ቪኤፍዲ አትግዙ እያልኩ አይደለም። 36ን እንዲጠብቅ አድርጋችሁ አትግዙት ነው የምለው። በ60 በመቶ ፍጥነትም 290 ሜትር ኩቡ ኤልቲን እስከ 29 ሊያወርደው ይችላል። ያኔ ቪኤፍዲውም፣ ዝቅተኛው ሴትፖይንትም ተደምረው 11 ኪሎ በሰዓት ይሆናሉ፤ በ6,000 ሰዓት 66 ቶን፣ በሄቪ ፊዩል 3.114 ሲባዛ ከ200 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከዚያ በኋላ ግን ፓምፕ ማፍጠን አያዋጣም። ፍጥነቱን ከ60 ወደ 100 ብታወጡት ኤልቲው ከ29 ወደ 26 ይወርዳል፤ ለሦስት ዲግሪ 37 ኪሎዋት ትከፍላላችሁ። አንድ ዲግሪ የሚያወጣው ግማሽ ኪሎ ነዳጅ ነው፤ ይህ በጄነሬተር ሲመነዘር 2.4 ኪሎዋት ብቻ ነው። እናንተ 12 እየከፈላችሁ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ግን ኤልቲውን ማቀዝቀዝ የሲሊንደር ዝገት አያመጣም? ሴኮንዱ (ሁለተኛው መሐንዲስ) ወዲያው ያነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ ዘይቱም ጠይቋል።

ስካቬንጅ፦

ሴኮንዱ ልክ ነው መጠየቁ፤ ሦስት ነገሮች ግን ተለይተው ይታዩ።

ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዘው ኤችቲ (ከፍተኛ ሙቀት ያለው የጃኬት ውሃ) ነው። መውጫው ከ80 እስከ 90 ባለው በሞተሩ ፋብሪካ ቁጥር ላይ ይቆያል፣ አንድ ዲግሪም አይነካም። በዝቅተኛ ጭነት የሰልፈር አሲድ በላይነሩ (በሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ) ላይ የሚጤዘው የጃኬት ውሃ ሲቀዘቅዝ ነው፣ እዚያ ላይ ቁጠባ የለም።

ዘይቱ የራሱ ቴርሞስታቲክ ቫልቭ አለው፣ ወደ ሞተሩ 45 ዲግሪ ሆኖ እንዲገባ። ቫልቩ ከተጣበቀ ኤልቲው በወረደ ቁጥር ዘይቱም አብሮ ይወርዳል፣ ይወፍራል። ስለዚህ ኤልቲውን በአንዴ ከ36 ወደ 30 አትጣሉት። በየ4 ሰዓቱ አንድ ዲግሪ እያወረዳችሁ የዘይቱን መግቢያ እዩ፤ 45 ላይ ከቆመ ቀጥሉ፣ ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ቫልቩን አስተካክሉ። የጄነሬተሮቹ ቻርጅ አየርም ከዚሁ ኤልቲ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ በዝቅተኛ ጭነት ከሚገባው በላይ እንዳይቀዘቅዝ ንባቡን ተከታተሉ።

ሦስተኛውና እውነተኛው ገደብ ጤዛ ነው። ውጪው አየር 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን የእንፋሎቱ ግፊት 2.86 ኪሎፓስካል ነው። በስካቬንጅ 1.6 ባር በጌጅ፣ ማለትም 2.6 አብሶሉት፣ ሲጨመቅ 7.4 ይሆናል፤ ያ ደግሞ በ40 ዲግሪ ይጤዛል። የስካቬንጅ አየሩ ከኤልቲው 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ኤልቲ 30 ከሆነ አየሩ 38 ነው፣ ከጤዛ ነጥቡ በታች። ሞተሩ በሰዓት 42 ቶን አየር ቢስብ ወደ 70 ሊትር ውሃ በሰዓት ይወጣል። ይህ ውሃ በሚስት ካቸሩ (በጠብታ መያዣው) ተይዞ በድሬኑ (በማፍሰሻው) ከወጣ ችግር የለም። ድሬኑ በዝቃጭ ከተዘጋ ግን ውሃው ከአየሩ ጋር ወደ ሲሊንደር ይገባና የሲሊንደር ዘይቱን ያጥበዋል፤ ላይነርና ሪንግ ይፋተጋሉ። ስለዚህ የድሬኑን ሳይት ግላስ በየፈረቃው እዩ። አየሩ እርጥብ ሆኖ ውሃ ሊወርድ ሲገባው ግላሱ ደረቅ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ተዘግቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ እርጥብ አየር 33 ላይ አቁሙት፣ ስካቬንጁ 41 ይሆናል፣ ከጤዛው ያመልጣል። አየሩ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ጤዛው 27 ላይ ስለሚወርድ 30 ያለ ስጋት ይኬዳል።

ፕሌት ፈቺ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ «ኩለሩ ንጹህ ከሆነ» በሚል ቃል ላይ ቆሟል። እስካሁን ባይፓሱ የኩለሩን ቆሻሻ ሲሸፍንላችሁ ኖሯል። ሴትፖይንቱን ስታወርዱና ፍሰቱን ስትቀንሱ መሸፈኛው ይነሳል።

ለመለካት፦ ባይፓሱን ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ሙቀቱ ሲረጋጋ ከኩለሩ ከሚወጣው ኤልቲ ሙቀት የሚገባውን የባሕር ውሃ ሙቀት ቀንሱ። አንድ ፓምፕ በ320፣ በዚህ ጭነት ንጹህ ኩለር 4 ወይም 5 ዲግሪ ያሳያል። 8 ወይም 9 ከደረሰ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። የባሕር ውሃውን የመግቢያና የመውጫ ግፊት ልዩነትም አብራችሁ ጻፉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ በሽታውን ይለያሉ። በዚያው ፍሰት የግፊት ልዩነቱ ከጨመረ መግቢያው ላይ ዛጎልና ቆሻሻ ታጉሯል፤ ይህ ፍሰቱን በተቃራኒ አቅጣጫ በመላክ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የግፊት ልዩነቱ ባለበት ሆኖ ሙቀቱ ብቻ ከከፋ ፕሌቱ ላይ አተላ ወይም የካልሲየም ቅርፊት ይዟል፤ በተቃራኒ ማጠብ አይነካውም፣ በኬሚካል መታጠብ አለበት፤ ለቅርፊቱ ሲትሪክ ወይም ሰልፋሚክ አሲድ ይዘዋወራል። ፕሌቱን ከፍታችሁ የምታጸዱ ከሆነ የብረት ብሩሽ አታስነኩት። ስትገጥሙት ደግሞ በክንድ ስሜት አታጥብቁት፤ ሁለቱ ፍሬሞች መካከል ያለውን ርዝመት በሜትር እየለካችሁ የስም ሰሌዳው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር አድርሱት፣ አራቱም ማዕዘን እኩል። ጋስኬቱ ስላንጠባጠበ ከቁጥሩ በታች የተጠበቀ ፕሌት ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንጠባጠቡ አይቆምም።

ፍሰት ስትቀንሱ ሁለት ገደብ አለ። የኦቨርቦርዱ ሙቀት ከ45 እንዳያልፍ፣ ቅርፊቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እናንተ በዛሬው ባሕርና ጭነት ከ35 ስለማታልፉ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላው ነው፦ በቧንቧው ውስጥ ውሃው ከ1 ሜትር በሰከንድ በታች ሲዘገይ የዛጎል እጮች ግድግዳው ላይ መያዣ ያገኛሉ። ዋናው ቧንቧ 300 ሚሊሜትር ከሆነ በ500 ሜትር ኩብ ፍጥነቱ 2 ሜትር ገደማ ነው፣ በ290 ደግሞ 1.1። ከ255 በታች አትውረዱ። በቪኤፍዲ ቋንቋ ዝቅተኛው ፍጥነት 55 በመቶ፣ 33 ሄርዝ ማለት ነው። ሒሳቡ እስከ 160 ሜትር ኩብ ሊፈቅድላችሁ ይችላል፤ ዛጎሉ ግን አይፈቅድም።

የመዳብ አኖድ ያለው የዛጎል መከላከያ ካላችሁ የተስተካከለው ለ500 ሜትር ኩብ ነው። ፍሰቱ 320 ሲሆን የአኖዱን አምፔርም በዚያው ልክ ቀንሱት፣ አለዚያ አኖዱ ያለ ጥቅም ያልቃል። ሁለት ፓምፕ ስታስነሱ መመለሱን አትርሱ።

ቆጣቢው፦

ቪኤፍዲ ከመግዛት ኢምፔለሩን (የፓምፑን ተሽከርካሪ ክንፍ) በቶርኖ 10 በመቶ ማስቆረጥ አይረክስም? ኃይሉ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል ይባላል።

ሙቀት በቁጥር፦

በ27 በመቶ ይወርዳል እንጂ ወደ 27 አይወርድም፤ የሚቀረው 73 ነው። መቁረጥ የሚያዋጣው በሙሉ ጭነትና በ32 ዲግሪ ባሕርም ፓምፑ ትልቅ ሲሆን ነው። እዚህ ግን ፓምፑ ለንድፉ ቀን ልኩ ነው፣ የሚተርፈው በሌላው ቀን ነው። የተቆረጠ ኢምፔለር ደግሞ ነገ መርከቡ ሲፈጥን ተመልሶ አያድግም።

ኢምፔለር ካነሳህ አይቀር የዌር ሪንጉን (በኢምፔለሩና በፓምፑ አካል መካከል ያለውን እያለቀ የሚሄድ ቀለበት) ክፍተት እዩ። ሳይፈቱ ለማወቅ፦ ፓምፑ እየሠራ የማስወጫ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ግፊቱን አንብቡ፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ክፈቱ። ከፋብሪካው ሰርተፊኬት ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ከማስወጫው ወደ መምጠጫው ውስጥ ለውስጥ እየተመለሰ ያለ ውሃ አለ። እሱን ሳትጠግኑ ቪኤፍዲ ብትገጥሙ ድራይቩ ለሚመለሰው ውሃ ሲያፈጥን ይኖራል።

የሌሊት ፈረቃ፦

ሁሉም ተመዝግቧል። የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ፦ ቪኤፍዲውና ባለ ሦስት መንገዱ ቫልቭ ሁለቱም ያንኑ ሙቀት ሲቆጣጠሩ አይጣሉም? ወደብ ላይስ?

ኮንታክተር፦

በአንድ ሴትፖይንት ከተዋቸው ይጣላሉ። ቫልቩ ባይፓስ ሲከፍት ድራይቩ ሞቀ ብሎ ያፈጥናል፣ ሲያፈጥን ቫልቩ ይበልጥ ይከፍታል፤ መጨረሻቸው ሙሉ ፍጥነትና ብዙ ባይፓስ ነው፣ መጀመሪያ የነበራችሁበት። ለድራይቩ 30 ስጡት፣ ለቫልቩ 27.5። ከ27.5 በላይ ቫልቩ ሙሉ ወደ ኩለር ይሆናል፣ ሙቀቱን የሚይዘው ፓምፑ ብቻ። ድራይቩ 33 ሄርዝ ላይ ደርሶም ውሃው ከ27.5 በታች ከወረደ ያኔ ቫልቩ ይገባል። ሴትፖይንቱን ለጤዛ ብላችሁ ወደ 33 ስታወጡት የቫልቩንም ወደ 30.5 አውጡት፣ ክፍተቱ 2.5 ይቆይ። ድራይቩን አታስቸኩሉት፤ የኢንቴግራል ጊዜው 3 ደቂቃ ይሁን፣ ፍጥነት የሚቀይርበት ራምፕ 60 ሰከንድ። ውሃው ዙሩን ጨርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፣ ችኩል ድራይቭ ሲወጣና ሲወርድ ያድራል።

ወደብ ላይ ዋናው ሞተር ሲቆም ሁለቱን ትልልቅ ፓምፖች አጥፍታችሁ ትንሿን የወደብ ፓምፕ ካለች አስነሱ፣ ከሌለች አንዱን ትልቅ ጠበብ አድርጋችሁ። ዋናውን ሞተር ለማሞቅም የጃኬት ሂተሩን በኤሌክትሪክ ከማንደድ በሚሠራው ጄነሬተር ኤችቲ ውሃ አሙቁት፣ መስመሩና ቫልቮቹ በብዙ መርከብ ላይ ተሠርተው የተዘጉ ናቸው። እና የጄነሬተሮቹን ጭነት እዩ፦ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 40 በመቶ ላይ የሚሠሩት ጭነቱ አንዱ ብቻውን እንዲሸከም ከተፈቀደለት ገደብ በጥቂት ኪሎዋት ስለሚያልፍ ብቻ ከሆነ፣ ከፓምፑ የተገኙት 23 ኪሎዋት አንዱን ጄነሬተር ለማቆም ይበቁ ይሆናል።